ወይዘሮ ሉባባና የማይዞረው ፋብሪካ

ወይዘሮ ሉባባ ይማም መሞታቸውን የሰማሁት አጅባር፣ እህል ተራ ቆሜ የገብስ ዋጋ ስጠይቅ ነው። የደወለልኝ መካነ ሰላም ያለ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። «ሉባባ ወደ አኼራ ሄዱ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። «አላህ ይዘንላቸው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ለእሳቸው ግን ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ነጋዴው «እህስ፣ ትወስደዋለህ?» ሲለኝ ምን ልገዛ እንደቆምኩ ጠፍቶኝ ነበር።

ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም። በሙስሊም ወግ ሬሳ አይቆይም፤ መኪና አግኝቼ እስክመጣ አፈር ለብሰው አድረዋል። ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር፤ ሐዘን እንዲያውም ዝም ያሰኛል። ያስጻፈኝ ንዴት ነው። ሰው በሕይወት እያለ አፉን ዘግተውት፣ ሲሞት የሚያወድሱበት አገር ላይ ያለኝ ንዴት።

ወይዘሮ ሉባባ መካነ ሰላም ባለው የገበሬዎች ዩኒየናችን የዱቄት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። እኔ በእህል ግዢ ክፍል እሠራ ነበር። የተወለዱት እዚያው ወሎ፣ ቦረና ነው፤ አባታቸው ቁርአን አስቀሪ፣ የቁርአን መምህር ነበሩ። ደሴ ተምረው፣ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሠርተው፣ የምርት ኃላፊ ከሆኑ በኋላ እናታቸውን ሊያስታምሙ ወደ አገራቸው ተመለሱ። እናታቸውን ቀበሩ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልሄዱም።

አጭር፣ ቀጭን ሴት ነበሩ። ሲራመዱ የሚያሳድዳቸው ያለ ይመስላል። ሲናደዱ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ መነጽራቸውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ መጥረግ ይጀምራሉ። ያንን ያየ ሁሉ የተናገረውን ቶሎ ብሎ ያስተካክላል። የትም ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ቀና ብለው አምፖሉን፣ ከዚያ ሽቦው የሚሄድበትን፣ በመጨረሻ ሰውየውን ያያሉ። ሰላምታቸው ከዚያ በኋላ ነው። በቀን የቢሮዬን መብራት አብርቼ ካገኙኝ፣ አጥፍተውት መስኮቱን ይከፍቱና «ፀሐይዋ ምን አደረገችህ?» ይሉኛል። የመካነ ሰላም ብርድ በመስኮቱ ሲገባ ደግሞ ግድ የላቸውም።

ደግ ሰው ነበሩ ብዬ አላሳምርም። ምላሳቸው ስለት ነው። ያረፈደ ሠራተኛ በሰው ፊት ያዋርዳሉ፤ የተሳሳተውን ቶሎ አይረሱለትም። አንዷን የሒሳብ ሠራተኛ በእንባ ሸኝተዋት፣ በማግስቱ ይቅርታ ሊጠይቁ ሄደው፣ እዚያው ሌላ ስህተት አግኝተውባት እንደገና አስለቅሰዋታል። እኛ ሳቅን፤ እሳቸው ምኑ እንደሚያስቅ አልገባቸውም።

ሥራ የጀመሩበትን ዕለት አስታውሳለሁ። የፋብሪካው ሕንፃ ግማሽ ደርሶ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ነፋስ የሚያርሰው ሜዳ ላይ ነው የተሠራው። ለምን እዚያ ሆነ ቢባል፣ ከመኪና መንገዱ ስለሚታይ ነው። የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ደምሴ ቦታውን የመረጡት በዚህ ምክንያት ነበር፤ ይህንንም በኩራት ይናገሩታል። ማሽኖቹ ከውጭ ተገዝተው መጥተዋል፤ በሸራ ተሸፍነው ተደርድረዋል። አቶ ደምሴ ሸራውን ገለጥ እያደረጉ ሲያስጎበኙ፣ ወይዘሮ ሉባባ ከአንዱ ሞተር ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ጎንበስ ብለው አነበቡና ቀና አሉ።

«ይህን ምን ሊያዞረው ነው?»

«መብራት ነዋ» አሉ አቶ ደምሴ።

«የቱ መብራት?»

«ይገባል ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«ተብሏል፣ ወይዘሮ ሉባባ። ከላይም ተነጋግረናል።»

ወይዘሮ ሉባባ መነጽራቸውን አወለቁ። «ተብሏል የሚባል ትራንስፎርመር በሕይወቴ አላየሁም» አሉ።

አቶ ደምሴ ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረው የቦርድ ስብሰባ እስከ ዛሬ ይታየኛል። እኔ የእህል ግዢውን ሪፖርት ላቀርብ ገብቼ፣ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። ወይዘሮ ሉባባ ሁለት ሐሳብ ይዘው መጡ። አንደኛው፣ ካለው መስመር አቅም ጋር በሚሄድ አነስተኛ ማሽን መጀመር። ሁለተኛው፣ ወደ ቆላው የሚወረወረውን ወንዝ አስጠንቶ፣ ከሌሎች ማኅበራት ጋር ተጋግዞ አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ መሥራት፤ ለፋብሪካውም፣ ለሠፈሮቹም፣ ለትምህርት ቤቱም የሚሆን።

«እኛ የዱቄት ፋብሪካ ነን እንጂ መብራት አምራች አይደለንም» አለ አንዱ የቦርድ አባል።

«ዱቄት የሚሠራው ከምንድን ነው?» አሉት።

«ከስንዴ።»

«ከስንዴና ከጉልበት። ስንዴውን ከየትኛው ገበሬ እንደምትገዛ፣ ክረምቱ ቢከፋ ከየት እንደምታመጣ ዓመቱን ሙሉ ትመክራለህ። ስለ ጉልበቱ ግን መክረህ ታውቃለህ? መብራት ሲጠፋ ዘበኛውን ጠርተህ ጀኔሬተር አስነሳ ትለዋለህ፤ አለቀ። እኔ የምለው፣ ይህ የዘበኛ ጉዳይ አይደለም። የሰብሳቢው ጉዳይ ነው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሁሉ በፊት መነሳት ያለበት ነው።»

አቶ ደምሴ ፈገግ አሉ። «አነስተኛ ማሽን ካልን እኮ ወፍጮ ቤት ከፈትን ማለት ነው፤ ወፍጮ ቤት ለማስመረቅ ማን ይመጣል?»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር። ማን ሊያስመርቀው ይመጣል። ገበሬው ስንዴውን ዱቄት አድርጎ ይሸጥ አይሽጥ አልነበረም ጭንቁ። ወይዘሮ ሉባባ ያንን በኋላ ከተማው ሁሉ የተቀባበለውን ነገር ተናገሩ።

«አምባ መቅደላ ላይ ያንን መድፍ ያወጣው የሰው ትከሻ ነው። ያኔ ሌላ ጉልበት አልነበረም፤ አይፈረድባቸውም። እናንተ ግን ዛሬም በትከሻ ነው የምታስቡት። ደግሞ በራሳችሁ ትከሻ እንኳ አይደለም፤ በሚስቶቻችሁ ነው። ኩበትና ጭራሮ የሚሸከም ስላለላችሁ ጉልበት ነፃ ይመስላችኋል።»

 ሐሳቡ ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ ተባለ። ሌላ ጊዜ የሚባለው አልመጣም።

ምርቃቱ ግን መጣ። ድንኳን ተተከለ፣ ሰንጋ ታረደ፤ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ተሠራ፤ በዚህ እንኳ ወሎ ሆነው አላሳፈሩንም። መስመሩ አልገባም ነበር። ስለዚህ ትልቅ ጀኔሬተር በኪራይ መጥቶ ከሕንፃው ኋላ፣ እንግዳ በማያየው በኩል ቆመ። ሪባኑ ተቆረጠ፤ ማሽኑ ተንቀሳቀሰ፤ ነጭ ዱቄት ወረደ። ተጨበጨበ። ከደሴ የመጡት እንግዶች ዱቄቱን በእጃቸው እየዘገኑ ፎቶ ተነሱ። ከዚያ ሥራ አስኪያጇ ንግግር ያድርጉ ተባለ።

ወይዘሮ ሉባባ ማይክሮፎኑን ያዙ። «እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉ። «አንድ ነገር ላሳውቃችሁ። ይህ የምትሰሙት ድምፅ የፋብሪካው አይደለም። ከጀርባ ያለው የተከራየነው ጀኔሬተር ነው። ነገ ጠዋት ይመለሳል። ነገ ጠዋት ብትመጡ ይህ ቤት ጸጥ ያለ ነው። ስለዚህ ዛሬ ያጨበጨባችሁለትን ነገር፣ ነገ እንዲኖር የምታደርጉት እናንተ ናችሁ። መስመሩን አምጡልን። ወይ ደግሞ እኛው እንድናመነጭ ፍቀዱልን።»

ከኋላ የቆሙት ገበሬዎች አጨበጨቡ። ከፊት የተቀመጡት አላጨበጨቡም። አቶ ደምሴ ማይክሮፎኑን ተቀብለው «ወይዘሮ ሉባባ እንደምታውቋቸው ጨዋታ ይወዳሉ» አሉ። ጨዋታ! እሳቸው በሕይወታቸው አንድም ቀን አልቀለዱም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እሳቸው እንዳሉት ነው። ጀኔሬተሩ ሄደ። ገበሬው አምኖ ያስረከበው ስንዴ መጋዘን ውስጥ ተከመረ፤ ነቀዝም ከሁላችን ቀድሞ ሥራ ጀመረ። በኋላ ላይ፣ ሰው ማጉረምረም ሲያበዛ፣ ከከተማው መስመር ላይ ቀጭን ሽቦ ተጎትቶ ለፋብሪካው ተሰጠ። መስመሩ ጤና ጣቢያውም የሚጠቀምበት ነበር። ወይዘሮ ሉባባ «ይህ መስመር ሁለታችንንም አይችልም» ብለው ተከራከሩ። «አሁንስ በዛ፣ መብራት አምጡ ሲሉ ነበር፤ ይኸው መጣ» ተባሉ። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር የሠፈሩ አምፖል ሁሉ እየፈዘዘ ይቀላል። ሻይ ቤት የተቀመጠው ሰው «ፋብሪካችን ተነሳ» ይባባላል።

አንድ ቀን ከዞን እንግዶች መጡ። ወሬ ሰምተው ነው፤ ፋብሪካው ይሠራል አይሠራም የሚለውን በዓይናቸው ሊያዩ። አቶ ደምሴ ከጠዋት ጀምሮ ማሽኑ እንዳይቆም አዘዙ። እንግዶቹ ቆመው ዱቄቱ ሲወርድ እያዩ ሳለ፣ ከጤና ጣቢያው ነርሷ ሲስተር ትዕግስት እየሮጠች መጣች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ የለም። ወደ ወይዘሮ ሉባባ ጆሮ ተጠግታ ስትናገር እኔም አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ኦክስጅን ማሽን ላይ ነው። መብራቱ ስለወረደ ማሽኑ ይነሳና ይጠፋል፤ ይነሳና ይጠፋል። ሕፃኑ ከንፈሩ ጠቁሯል።

ወይዘሮ ሉባባ ማንንም አላስፈቀዱም። ወደ ግድግዳው ሄደው ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳቡት። ፋብሪካው እያንቋረረ ቆመ።

«ምን እየሠሩ ነው?» አቶ ደምሴ ጮኹ። «እንግዶች ቆመው እያዩ!»

«እንግዶቹ ይቆያሉ። ዱቄቱም ይቆያል። ሕፃኑ ግን አይቆይም» አሉና ሲስተር ትዕግስትን ተከትለው ወጡ።

እኔም ተከትያቸው ሄድኩ። ጤና ጣቢያው ውስጥ የሕፃኑ እናት መሬት ላይ ቁጭ ብላ የአልጋውን ብረት ይዛለች። ማሽኑ ድምፁን ሳይቀይር፣ ሳያቆራርጥ መሥራት ጀምሯል። ወይዘሮ ሉባባ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ አምፖሉን አዩ፤ ከዚያ ሕፃኑን። እናትየዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ።  የልጁ ከንፈር ቀለሙ እስኪመለስ፣ ትንፋሹ እስኪረጋ ድረስ ከዚያ አልተነሱም። ሲወጡ ወደ ፋብሪካው ዞረው አዩ። «አየህ?» አሉኝ። «እኔ ነበርኩ ጉሮሮውን የያዝኩት። ሳላውቅ፣ እዚያ ማዶ ቆሜ፣ ዱቄት እያሳየሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጤና ጣቢያው ማሽን ላይ ሕመምተኛ ካለው ፋብሪካው ሞተር እንዳያስነሳ አዘዙ። ሲስተር ትዕግስት ሰው ትልካለች፤ እኛም እናቆማለን። ነገሩ ይኸው ነው፤ ቀላል ነው። ጎረቤት ለጎረቤት የሚያደርገው ነው። ቦርዱ ግን «ፋብሪካው በነርስ ነው እንዴ የሚታዘዘው?» አለ። ብዙም ሳይቆይ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ።

ክሱ ሲነበብ ሰማን። ምርት ማስተጓጎል። ከቦርድ ውሳኔ ውጭ መሥራት። ተቋሙን በእንግዶች ፊት ማዋረድ። ስለ ሕፃኑ አንድም ቃል የለም። ወይዘሮ ሉባባ እንዲናገሩ ሲፈቀድላቸው ተነሱ።

«ያጠፋሁት ማሽኑን ነው፤ አልክድም። ዛሬም ቢሆን አጠፋዋለሁ። ግን ያንን ማሽን ከዚያ ሕፃን ጋር ያጣላው ማን ነው? አንድ ትንፋሽ ለሁለት እንዲካፈሉ ያደረጋቸው ማን ነው? መስመሩ አይችልም ስላችሁ አልሰማችሁኝም። ገበሬው ማዳበሪያ የሚሆነውን ኩበት ያነዳል፤ ማሳውን አነደደ ማለት ነው። እናንተ ደግሞ ስንዴውን አስረክቡ ብላችሁት ለነቀዝ ሰጣችሁት። ጉልበት ከየት ይመጣል ብሎ የማይጠይቅ መሪ፣ የሰውን ልፋት ነው የሚያነደው።»

እማማ ስንዱ የሚባሉ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ በራሳቸው እያረሱ የሚኖሩ የማኅበሩ አባል ከመካከል ተነሱ። «ልጄ፣ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ ወደ አቶ ደምሴ እያዩ። «ታዲያ ልጁ ይሙት ነበር?»

«እማማ፣ ይህ አጀንዳችን ላይ የለም።»

«ሰው አጀንዳችሁ ላይ የለም በለኛ!» አሉና ተቀመጡ።

እጅ አውጡ ተባለ። እኔ ተቀጣሪ ስለሆንኩ ድምፅ አልነበረኝም፤ ግን ዓይን ነበረኝ። የወጣውን እጅ አይቻለሁ። ያልወጣውንም አይቻለሁ። «በአብላጫ ድምፅ ተሰናብተዋል» ተባለ። አብላጫው የት እንደተቀመጠ እስከ ዛሬ አልታየኝም። አዳራሹ ሲንጫጫ ስብሰባው ተዘጋ።

ወይዘሮ ሉባባ ዕቃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ሠራተኛው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። የተሰደቡት፣ ያለቀሱት ሁሉ ነበሩ። እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን የሞተሩ አካል ላይ አሳርፈው ሙቀቱን አዳመጡ። «ማሽኑ ጥፋት የለበትም» አሉን። «ቅባቱን አትርሱበት።» ከዚያ ወጡ።

የሚቀጥለው ክረምት ሳይወጣ ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ። በፍንዳታ ነው የተቃጠለው፤ ሠፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ለወራት የከተማው ግማሽ ጨለማ ሆነ፤ ፋብሪካውም ቆመ፤ እንደቆመም ቀረ። ገበሬው ስንዴውን እንደ ድሮው ለነጋዴ መሸጥ ጀመረ። አቶ ደምሴ ምን ሆኑ? ተሾሙ። ወደ ዞን ሄዱ። «ፋብሪካ ያስገነቡ» ተብለው ነው የተሾሙት። ውሸት አይደለም፤ አስገንብተዋል። ይዞራል ያለ የለም።

ወይዘሮ ሉባባ ግን ደሴም አልሄዱም፤ ቤታቸውም አልተቀመጡም። ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ በኋላ ጤና ጣቢያው የራሱ የፀሐይ ኃይል እንዲኖረው ዕድር ለዕድር መዞር ጀመሩ። ቅዳሜ መስጊድ አጠገብ ካለው ዕድር፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለው ዕድር ዘንድ ይገኛሉ። አንድ ሽማግሌ «ይህ የመንግሥት ሥራ አይደለም እንዴ?» ቢሏቸው፣ «ነው። የመንግሥት ሥራ ነው። መንግሥት እስኪመጣ ግን ሕፃናቱ ትንፋሻቸውን ይያዙ?» አሏቸው። ሽማግሌው ሳቁና ሰጡ። የገጠሩ ሰው እህል ሰጠ፤ የከተማው ሰው ያለውን ሰጠ። አንድ ደረቅ የበጋ ጠዋት፣ ፓነሎቹ ጣራው ላይ ወጡ። ምርቃት አልነበረም፤ ሪባን አልተቆረጠም። ሲስተር ትዕግስት ማሽኗን ሰካች፤ ሠራ። ወይዘሮ ሉባባ «መስታወቱ አቧራ ሲይዝ ጥረጉት» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ልባቸው ደከመ። ለብዙ ጊዜ ደብቀውት ነበር። አንድ ቀን ከሱብሒ፣ ከንጋቱ ሶላት በኋላ ጋደም እንዳሉ አልተነሱም።

እኔ የደረስኩት ለተዕዚያው፣ ለሐዘን መቀመጫው ነው። ግቢው ሰው ሞልቶታል። ቄሶቹም ሼሆቹም አንድ ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል። አቶ ደምሴ በትልቅ መኪና መጡ። ትንሽ ተቀመጡ፤ አጎነበሱ፤ ከዚያ ተነስተው መናገር ጀመሩ። «ወይዘሮ ሉባባ ባለ ራእይ መሪ ነበሩ። ኃይል የልማት መሠረት መሆኑን ከሁላችንም ቀድመው የተረዱ ነበሩ» አሉ። ከሁላችንም ቀድመው! ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። «ስለዚህ ለውለታቸው መታሰቢያ፣ የዱቄት ፋብሪካችን በስማቸው እንዲሰየም ወስነናል።»

 የወይዘሮ ሉባባ ልጅ ረምላ ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። መምህርት ናት፤ ድምፅዋ የእናቷ ነው፤ ከፍ አይልም።

«ጋሼ ደምሴ፣ ስለመጡ አላህ ይስጥልኝ» አለች። «አንድ ነገር ግን ላስቸግርዎት። የእናቴን ስም በማይዞር ነገር ላይ አትስቀሉት።»

አቶ ደምሴ «ልጄ፣ በሐዘን ላይ ነሽ» አሏትና ተቀመጡ።

ሰሌዳው ተሰቀለ። ትልቅ ነው፤ ከመኪና መንገዱ ይታያል። «ሉባባ ይማም የዱቄት ፋብሪካ» ይላል። ረምላ አውርዱልኝ ብላ ስትመላለስ ቆይታለች፤ ጉዳዩ እየታየ ነው ይሏታል። ሰሌዳውን የሠሩት ሰዎች እንዲያምር ብለው ዙሪያውን አምፖል ደርድረውበታል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ከአምፖሎቹ የወጣው ሽቦ ግድግዳውን ተከትሎ ወርዶ፣ መሬት ሊደርስ ሲል ተንጠልጥሎ ቀርቷል። የሚሰካበት የለም።